ሃርድ ሮክ ለአዲስ አበባ ጆሮ፦ አሮጌውም አዲሱም እዚህ ይምጣ

የጊዮርጊሱ ሮከር፦

ሰላም ናችሁ። ሃርድ ሮክ ጩኸት ነው የሚል ሰው ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ኢርፎኔን ለጓደኛ ባቀበልኩ ቁጥር "ኧረ ቀንሰው" ነው መልሱ። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ሩቅ አይደለም ባይ ነኝ። እንዲያውም ቅርብ ነው። የሚጎድለን አሰማሙ ብቻ ነው።

እኛ ዘፈን ሲከፈት መጀመሪያ የምንፈልገው ግጥሙን ነው። ምን አለ? ወርቁ የቱ ጋ ነው? ሃርድ ሮክ ውስጥ በዚህ በር ከገባችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። እዚህ ቤት የሚናገረው ጊታሩ ነው። ሪፍ የሚባል ነገር አለ፣ ጊታሩ እየደጋገመ የሚመታት አጭር ሐረግ ማለት ነው፣ ዘፈኑ በሙሉ የቆመው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙ ዘፋኙን እርሱት። ሪፏን ያዙና ድራሙ የት ጋ እንደሚያርፍ ተከታተሉ።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁሌም ብላክ ሳባዝ የሚባለው ባንድ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በርሚንግሃም የምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻዋ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ሰውዬው ግራኝ ነው፣ ስለዚህ የተጎዳው ክሩን የሚጫንበት እጁ ነው። በቃ ጊታር አበቃ ብሎ ተቀመጠ። የፋብሪካው አለቃው ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አምጥቶ አሰማው። ጃንጎ በእሳት ቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ከተበላሹ በኋላ በቀሩት የተጫወተ ጊታሪስት ነው። አዮሚ ተነሳ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ። በኋላም ክሮቹን እያላላ ቅኝቱን ወደ ታች አወረደው። ያ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ከባድ ድምፅ ከዚያ እጅ ነው የወጣው። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በ1970 ነው፣ ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ሁሉ ከእሱ ይቀዳል።

ሐዘኑም ገና አልወጣልኝም። በ2025 ጁላይ 5 አራቱም አባላት እዚያው በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ኦዚ ኦዝበርን መቆም ስለማይችል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ሜታሊካ፣ ጋንስ ኤንድ ሮዝስ፣ ጎጂራ፣ ሁሉም ለእነሱ ክብር መድረክ ላይ ወጡ። ኦዚ በ17ኛው ቀን አረፈ። ያን ቪዲዮ ዓይኔ እንባ ሳያቀር ጨርሼው አላውቅም።

እናንተስ? አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የምትወዱትን አምጡ። ግን "ምርጥ ነው" ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ለምን እንደወደዳችሁት ንገሩን።

ስድስት ክር፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። ስለ ጆሮ ያልከውን እኔ በጊታር ላሳይህ።

የሮክ ሶሎ፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል ማለት ነው፣ አብዛኛው የሚሠራው ፔንታቶኒክ ማይነር በሚባለው አምስት ድምፅ ባለው ስኬል፣ እኛ ቅኝት በምንለው ነው። ከሚ ከተነሳህ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ነው። አሁን ክራር የሚያውቅ ሰው ፈልግና ባቲ ማይነርን ከዚያው ከሚ አስነስቶ እንዲቃኝልህ ለምነው። ያው ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ነው! አንድም ድምፅ አይለይም። የኤሲ/ዲሲ ባንድ ጊታሪስት አንገስ ያንግ "ባክ ኢን ብላክ" ላይ የሚጫወተው ሶሎ በዚህ ስኬል ነው የተሠራው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። እኛ ምታችን ችክችካ ነው፣ በስድስት የሚቆጠር፣ ድምፁንም እያንቀጠቀጥን እናስጌጠዋለን። እነሱ በአራት ይቆጥራሉ፣ ክሩን በጣት ገፍተው ድምፁን ያጎብጡታል። ድምፆቹ ግን የምናውቃቸው ናቸው። ሠርግ ቤት ባቲ ሲመታ እስክስታ የወረደ ትከሻ አንገስን ባዕድ ሊለው አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ዲስቶርሽኑ ነው፣ የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር፣ ያ ሰው ሁሉ "ጩኸት" የሚለው። በገና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? 10 አውታር አለው፣ እያንዳንዱ አውታር ከሚያርፍበት ጋ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፣ አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ይነዝራል። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። አባቶቻችን ንጹሑ ድምፅ ብቻውን አልበቃቸውም፣ ንዝረት ጨመሩበት። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ1964 የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ቀደደው፣ ድምፁ እንዲነዝር ብሎ። በገና የጸሎት መሣሪያ መሆኑን አውቃለሁ፣ ክብሩን ከመድረክ ጊታር ጋር እያስተካከልኩ አይደለም። የምናገረው ስለ ድምፁ ብቻ ነው። በገና እየሰማ ያደገ ጆሮ የሚነዝር ክር አይከብደውም።

የማለዳ ጤዛ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንደ እህት ነው የምናገረው። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሄን ይሰማል፣ ጥቁር ቲሸርት በመስቀልና በራስ ቅል። ብላክ ሳባዝ ያላችሁት ስሙ ራሱ ያስፈራል። እናቱ ሰይጣን ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ መፍረድ አልፈለግኩም፣ ግን ምን ልበላት?

የጊዮርጊሱ ሮከር፦

እህቴ በደንብ ነው የጠየቅሽው። ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ የአስፈሪ ፊልም ርዕስ ነው። ግጥሙን አብዛኛውን የሚጽፈው የቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነው፣ በካቶሊክ ቤት ያደገ ሰው። በ1971 ባወጡት አልበም ላይ "አፍተር ፎሬቨር" የሚል ዘፈን አለ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ሞትና ስለ ነፍስ ነው የሚጠይቀው። "ዋር ፒግስ" የሚባለው ደግሞ ራሳቸው ሳይሞቱ የድሃ ልጅ ወደ ጦርነት የሚልኩ ባለሥልጣናትን የሚረግም ነው፣ መጨረሻው ላይ የእግዚአብሔር ፍርድ ይመጣባቸዋል። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን መስቀል የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው።

ስለ ሁሉም ባንድ እንደዚህ ልልሽ አልችልም። ሆን ብለው እምነት የሚሰድቡ አሉ፣ እነሱን እኔም አልሰማም። ለእናቱ ግን ይህን በያት፣ ከልጁ ጎን ቁጭ ብላ አንድ ሙሉ ዘፈን ታዳምጥ፣ ግጥሙንም እሱ ራሱ ይተርጉምላት። ከከለከለችው በድብቅ ነው የሚሰማው፣ ያኔ ምን እንደሚሰማ አታውቅም።

ጋሽ ካሴት፦

ልጆች ደስ አላችሁኝ። እኔ የዱሮ ሰው ነኝ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው ዲፕ ፐርፕልን የሰማሁት፣ ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ፣ ግማሹ ጉርምርምታ የሆነ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ማታ የትም አይኬድም፣ ስለዚህ ቤት ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው የምንሰማው።

እናንተ ጊታር ጊታር ትላላችሁ፣ እኔን የገዛኝ ኦርጋኑ ነው። የዲፕ ፐርፕሉ ጆን ሎርድ፣ ሃሞንድ የሚባለውን ኦርጋኑን ከጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር፣ ከማርሻል ጋር አገናኝቶ ነው ያንን የሚያገሳ ድምፅ ያወጣው። እኛ ደግሞ በዚያ ዘመን ኦርጋን የለመድን ሰዎች ነን። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ይጫወት ነበር፣ "ቸ በለው" የሚለው አልበማቸው 1977 ነው። ከኃይሉ ኦርጋን ወደ ጆን ሎርድ ኦርጋን ለመሻገር ጎረቤት ቤት እንደመግባት ነበር።

የ"ስሞክ ኦን ዘ ዋተር"ን ታሪክ ታውቃላችሁ? በ1971 ዲሴምበር 4 ዲፕ ፐርፕሎች አልበም ሊቀዱ ሞንትሮ፣ ስዊዘርላንድ ነበሩ። ሊቀዱበት ባሰቡት ካዚኖ ውስጥ ፍራንክ ዛፓ ሲጫወት አንዱ ተመልካች የምልክት ርችት ጣሪያው ላይ ተኮሰ። ሕንፃው ነደደ። ጭሱ የጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ በመስኮት አዩት፣ ዘፈኑም ያየነውን እንናገር ብለው የጻፉት ነው። ከዚያ ለክረምት ተዘግቶ የነበረ ባዶ ሆቴል ተከራዩ፣ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ደርድረው፣ ብርድ እየበላቸው ቀዱ። "ማሺን ሄድ" ያ ነው። 1972።

አሁን ያሉት ባንዶች ግን፣ አትቆጡኝና፣ ለእኔ የእነዚያ ጥላ ናቸው። ግሬታ ቫን ፍሊት የሚባሉትን ልጄ አሰማኝ፣ የሌድ ዜፕሊን ግልባጭ ናቸው። ሌድ ዜፕሊንን ከፈለግኩ ሌድ ዜፕሊን አለልኝ።

ድራም ከአራት ኪሎ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ስለ ሌድ ዜፕሊን እናውራ። በ1971 የወጣውን "ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ" ሲቀዱ የጆን ቦናምን ድራም ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ደረጃው ሥር አስቀመጡት፣ ማይኮቹን ደግሞ ከላይ ከደረጃው ፎቅ አንጠለጠሉ። ያ እንደ ተራራ የሚወርድ ምት የቤቱ ድምፅ ነው። እኔ ድራም የጀመርኩት በዚያች መግቢያ ምክንያት ነው፣ አሁንም ስሰማው እግሬ አይቀመጥም። ግን ዘፈኑ የእነሱ ነው? አይደለም። በ1929 ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ተጫዋቾች ናቸው የቀዱት፣ በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሰብሮ አገር ስላጥለቀለቀበት ጎርፍ። ስለዚህ ጋሼ፣ ከሌላ መውሰድ ጥፋት ከሆነ ሌድ ዜፕሊንም አይተርፉም። መውሰዱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ፣ የተወሰደው ነገር ላይ ምን ተጨመረ ነው ጥያቄው።

ሁለተኛ፣ ግሬታ ቫን ፍሊት አንድ ባንድ ናቸው። ድምፃዊው ከሌድ ዜፕሊኑ ዘፋኝ ከሮበርት ፕላንት ጋር መመሳሰሉ እውነት ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያወጡትን አልወድም። ግን በእነሱ ምክንያት አዲሱን ሁሉ መዝጋት ልክ አይደለም። ሪቫል ሰንስን ይስሟቸው፣ በ2023 "ዳርክፋይተር"ን እና "ላይትብሪንገር"ን በአንድ ዓመት አወጡ፣ የጄይ ቡካናን ድምፅ ያለ ምንም ማስጌጫ ደረት ይመታል። ዘ ዋርኒንግ የሚባሉ ከሞንቴሬይ፣ ሜክሲኮ የመጡ ሦስት እህትማማቾች አሉ፣ የ2024 አልበማቸው "ኪፕ ሚ ፌድ" ይባላል። ድራመሯ ፓውሊና እየመታች ትዘፍናለች። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው ዱላ ይዞ የሞከረ ሰው ነው፣ ትንፋሽሽ ለድራሙ ይሁን ለድምፁ ይጠፋሻል። ሴት ልጅ ድራም ላይ ስትቀመጥ ምን እንደሚባል እዚህ ከተማ ውስጥ ስለማውቀው እነዚህን ልጆች ሳይ ልቤ ይሞላል።

ደግሞ ዲፕ ፐርፕል ራሳቸው በ2024 አዲስ አልበም አውጥተዋል ጋሼ፣ ኢያን ፔይስ አሁንም ድራሙ ላይ ነው። እሱንም ጥላ ሊሉት ነው?

ሉሳካ ድረስ፦

ድራም ከአራት ኪሎ ልክ ነሽ፣ ግን ሁላችሁም አውሮፓና አሜሪካን ብቻ ነው የምታወሩት። አፍሪካስ?

በ1970ዎቹ ዛምቢያ ውስጥ ዛምሮክ የሚባል ሙሉ ንቅናቄ ነበር። የመዳብ ማዕድን ከተማ ልጆች ናቸው፣ ፋዝ የሚባለውን የሚነዝር ጊታር ከአገራቸው ምት ጋር ቀየጡት። ፕሬዚዳንት ካውንዳ ራዲዮ ላይ 95 በመቶው የአገር ውስጥ ሙዚቃ ይሁን ብለው ስላዘዙ ባንዶቹ የራሳቸውን ሥራ ለመፍጠር ተገደዱ። ዊች የሚባለውን ባንድ ስሙ፣ ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ነው፣ ጃጋሪ ይሉታል፣ የሮሊንግ ስቶንሱን ዘፋኝ የሚክ ጃገርን ስም አፍሪካዊ አድርገው የሰጡት ነው። በኋላ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ኢኮኖሚው ተሰበረ፣ ከዚያም ኤድስ ብዙዎቹን ሙዚቀኞች ወሰደ። ጃጋሪ ተረፈ። ለዓመታት የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር ኖሮ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2023 "ዛንጎ" የሚል አዲስ አልበም በዊች ስም አወጣ። ለእኔ "አሮጌና አዲስ" የሚለው ክርክር እዚህ ሰው ላይ ያልቃል።

ካዛንቺስ ቤዝ፦

ስለራሳችንስ ማን ይናገር? ጃኖ ባንድ "ኤርታሌ"ን ሲያወጡ ቢል ላስዌል ነበር ፕሮዲዩሰሩ። ከባድ ጊታር፣ ከላይ የአማርኛ ድምፅ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም ድምፃውያን ፊት ለፊት። ያኔ "ይሄ ሮክ ነው ወይስ ባህል" ብለው የተከራከሩ ነበሩ። እኔ ሁለቱንም ነው የሰማሁት። ስድስት ክር ስለ ባቲ የጻፈውን በተግባር ማየት የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። እዚህ መሐል ከተማ ጃዝ ትሰማለህ፣ አዝማሪ ትሰማለህ፣ ዲጄ በየቤቱ ነው። ሃርድ ሮክ በላይቭ የሚሰማበት ቤት ፍለጋ ግን እግር ያልቃል። እኛ ባንድ አለን፣ አራት ልጆች ነን። አንድ ክለብ ቀጠረን፣ ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ባለቤቱ መጥቶ "ድራሙን በእጅ ምቱልኝ፣ ደንበኛ አባረራችሁብኝ" አለን። ከፍሎን እንኳ አልሸኘንም። ልምምዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምፕ ከከፈትክ ከላይ ይረግጣሉ፣ ከታች ያንኳኳሉ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይገላገላል።

ስድስት ክር፦

@ካዛንቺስ ቤዝ አይዞህ ወንድሜ። ለልምምዱ ድራሙን በኤሌክትሮኒክ ፓድ ቀይሩት፣ ጊታርና ቤዙን በትንሽ ሚክሰር ወደ ሄድፎን አውጡ። ጎረቤት የሚሰማው የክር ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። እውነት ነው አምፕ ደረትህን ሲመታህ የምታገኘው ስሜት አይገኝም፣ ግን ዝግጅታችሁ ይጠራል፣ ሄድፎን ስህተት አይደብቅም።

ሌላ ምክር፣ ዲስቶርሽኑን ቀንሱ። ብዙ ጀማሪ ባንድ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይጨቀያል። የማልኮም ያንግን ጊታር በጥሞና ስሙ፣ የአንገስ ወንድም፣ በ2017 ያረፈው። ከምታስቡት በላይ ንጹሕ ነው። ክብደቱ የሚመጣው ከቀኝ እጁ ነው። ፓወር ኮርድ (ሮክ ውስጥ ሪፍ የሚመታበት አጭር ኮርድ) ስትይዙም የመጀመሪያውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ያዙ፣ ሦስተኛውን ተዉት፣ እሱ ነው ዲስቶርሽን ውስጥ ገብቶ የሚበጠብጠው።

ጋሽ ካሴት፦

ልጄ ድራም፣ የዲፕ ፐርፕሉን አዲስ አልበም አላውቅም ነበር፣ ልጄ ዛሬ ማታ ስልኬ ላይ ይጭንልኛል። ሪቫል ሰንስ ያልሻቸውን ግን ሰማኋቸው። ድምፃዊው ሰው ነው! ይዘፍናል። በግሬታ ላይ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የማለዳ ጤዛ፦

ለእህቴ አነበብኩላት፣ ስለ ጣቱ የተቆረጠው ልጅ ያለውን ሁለቴ ነው ያስነበበችኝ። ልጁ ግን ሌላ ጥያቄ ላከኝ። ጊታር መማር ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ ይግዛ ወይስ አኮስቲክ?

የጊዮርጊሱ ሮከር፦

እህቴ የሚወደው ኤሌክትሪክ ከሆነ በኤሌክትሪክ ይጀምር። "መጀመሪያ አኮስቲክ ተማር" የሚሉት አሉ፣ እኔ አልቀበለውም፣ የአኮስቲክ ክር ወፍራም ነው፣ ጣት ያቆስላል፣ የሚወደውን ድምፅም አይሰጠውም፣ ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ነው የሚተወው። አዲስ መግዛት አይጠበቅባችሁም። ያገለገለ ፈልጉ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አንገቱ አለመጣመሙን ይይላችሁ፣ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች) ይጫንና ድምፁ የሚሞት ቦታ ካለ ይንገራችሁ፣ ገመዱን ሰክቶም ቁልፎቹ የሚንሿሹ መሆን አለመሆናቸውን ይስማ። ለአምፕ አትቸኩሉ፣ ሄድፎን የሚሰካበት ትንሽዬ በቂ ነው፣ እናቱም ትተኛለች።

የመጀመሪያ ሪፍ የትኛው ይሁን ካለ "ስሞክ ኦን ዘ ዋተር"ን ስጪው። ሁለት ክር ብቻ ነው የሚነካው፣ ሪችි ብላክሞር እንዳደረገው ሁለቱን ክሮች በፒክ ሳይሆን በጣት አንድ ላይ ይንጠቃቸው።

ካዛንቺስ ቤዝ፦

ቤዝ ይማር በይው፣ ጊታሪስት ሞልቷል፣ ቤዝ የሚጫወት ልጅ ነው ከተማ ውስጥ የጠፋው። ከተማረ የእኛ ባንድ ውስጥ እኔ ሁለተኛውን ጊታር እይዝለታለሁ።